ድንጋይ መሳዩ ተክልና የዘሩ መዝገብ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም በርቼል እ.ኤ.አ. በ1811 በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪስካ አቅራቢያ፣ ቅርጹ ለየት ያለ ጠጠር መስሎት ከመሬት ያነሳው ነገር ተክል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሊቶፕስ ስለምንለው ወገን ያለን የመጀመሪያው የጽሑፍ ምስክርነት ይህ ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሃዎርዝ በ1821 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት የተመረኮዘው በበርቼል ሥዕል ላይ ነበር፤ ሌላው የዕፅዋት ሊቅ ኤን. ኢ. ብራውን ደግሞ በ1922 ሊቶፕስን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በእነዚህ ሰዎች ስም ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተክሉን ዕጣ በይበልጥ የወሰኑት ከገዛ ተክሎቻቸው ፍሬ ለቅመው የዘሩ አብቃዮች ናቸው እላለሁ። ለዚህም ያበቃቸው ዘሩ ብቻውን አይደለም፤ ከዘሩ ጋር ያኖሩት መዝገብ ነው።

ተክሉ ለዘረፋም ለማባዛትም የተመቸ ነው። ከመሬት በላይ የሚታየው አካሉ ውሃ የቋጠሩ ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ስለሆነ ያየው ሰው በቀላሉ ፈልቅቆ ኪሱ ይከተዋል። ፍሬው ግን በድርቅ ጊዜ ተዘግቶ ይቆይና ዝናብ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል፤ ጠብታው ደቃቁን ዘር ያስፈነጥረዋል፤ ሲደርቅም ተመልሶ ይዘጋል። በረሃ ያስተማረው ይህ ብልሃት ለቤት አብቃዩም ሥራ አቀለለለት፦ የደረሰውን ፍሬ ውሃ ውስጥ ነክሮ ዘሩን ያጥባል፣ ወረቀት ላይ ያደርቃል፣ አሸዋማ አፈር ላይ ሳይቀብር ይበትነዋል። እርጥበቱ ከተጠበቀለት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበቅላል፤ አበባውን ለማየት ግን ሦስት ዓመት ያህል መታገሥ ያሻል። አንድ ፍሬ ብዙ ችግኝ ስለሚሰጥ ከጥቂት ወላጆች ተነስቶ ሜዳውን ዳግም ሳይቆፍሩ ብዙ ሰው ማዳረስ ተቻለ።

ይሁንና ሊቶፕስ በገዛ ብናኙ አያፈራም፤ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይፈልጋል። ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ጎን ለጎን የደረደረ ሰው ንቧ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሄደች ስለማያውቅ ዘሩ ዲቃላ ሊሆን፣ የትውልድ ቦታውም ሊረሳ ይችላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። መፍትሔውን ያቀረበው፣ የሚገርመው፣ የቋንቋ ሊቅ ነው፤ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውና የሴጽዋና ሰዋስው የጻፈው ዴዝሞንድ ኮል። ከባለቤቱ ከናውሪን ጋር አገሩን እየዞሩ ወደ 400 ለሚጠጉ የሊቶፕስ መገኛዎች ለየአንዳንዳቸው ቁጥር ሰጡ፤ ኮል በ1988 ስለ ሊቶፕስ መጽሐፍ አሳተመ። ጥንቁቅ አብቃይ ዛሬም አንድ ቁጥር ያላቸውን ተክሎች ብቻ በብሩሽ ያዳቅላል፣ ቁጥሩንም በዘሩ ከረጢት ላይ ይጽፋል። በዋረንተን አካባቢ የተገኘውን ነጭ አበባ ያለውን ሌስሊአይ የተባለ የሊቶፕስ ዝርያ እንውሰድ። የዚህ ዝርያ አበባ በተለምዶ ቢጫ ነው፤ ነጮቹ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ልጆቻቸውም ነጭ ያብባሉ። ሲ036ኤ የሚለው ቁጥሩ ባይጠበቅ ኖሮ ከቢጫው ጋር ተቀላቅሎ መለያው በጠፋ ነበር።

ታዲያ ዘር እንዲህ ከበዛ ዘረፋው ለምን አልቆመም? ከ2019 ወዲህ በተለይ የሊቶፕስ ዘመድ የሆነው ኮኖፊተም በደቡብ አፍሪካ በገፍ እየተነቀለ ወጥቷል። ቤት የበቀለ ችግኝ ፀሐይና ዓመታት የሠሩትን ያረጀ ተክል ለሚሻ ገዢ ምትክ አይሆነውም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሕጋዊ ዘር ባይኖር ተክሉን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚሄደው ከሜዳ የተነቀለ ተክል ወደሚሸጠው ሰው ነበር። ደግሞም ሜዳውን የሚያጠፋው ሌባ ብቻ አይደለም፤ በጋውቴንግ የሌስሊአይ መሬት በቤትና በመንገድ ግንባታ እየተያዘ ነው። መሬቱ ለሕንፃ ሲሄድ ከዚያ ቦታ ተክሎች የሚተርፈው ቁጥሩ ተጽፎለት በአብቃዮች ቤት የቆየው ዘር ሊሆን ይችላል፤ ቁጥር የሌለው ዘር ግን የቱንም ያህል ቢያምር የየት ልጅ እንደሆነ ስለማይታወቅ ወደ የትኛውም ሜዳ ሊመለስ አይችልም።