የሽኮኮ እግር ምን ይሠራል? የጄምስ ብሩስ የተዘነጉ ገጾችና የጌም ፍጡራን አካል አሰያየም

ለቪዲዮ ጨዋታ ፍጡር የሚነድፍ ባለሙያ ከሥዕሉም ከቀለሙም በፊት የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ የፍጡሩን እጅና እግር ምን ብሎ እንደሚመዘግብ። ስሙ ኮድ ውስጥ ይገባል፣ ሕጉም በስሙ ልክ ይወጣል። «ክንፍ ያለው ሁሉ ይበራል» ተብሎ በተጻፈ ጨዋታ ውስጥ ዶሮ ስትገባ ሕጉ ይፈርሳል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ዋና ገጸ ባሕርይ ከአሳዳጅዋ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ የምታመልጠውም በሩጫ ነው። ለዚህ ጨዋታ ነዳፊ ቁም ነገሩ እግሯ ነው። ክንፏ ከሰው ክንድና ከዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ ጋር አንድ የአጥንት ሥርዓት መጋራቱ አንዳች አይረዳውም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የጌም ፍጡር አካል መመደብ ያለበት በሚሠራው ሥራ እንጂ በአፈጣጠር ዝምድናው አይደለም። ለዚህ አሠራር አርአያ የሚሆን ጽሑፍ ከታተመ ደግሞ ከ230 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚናገረውም ስለ እኛው ደጋ እንስሳ ነው።

ስለ ሌሎች ቀደምት ጥናቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። አርስቶትል የእንስሳትን አካል በዓላማው ተንትኗል። አጥኚው ጆን ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 የሰውን እጅ አያያዝ በኃይል መጨበጥና በጥንቃቄ መቆንጠጥ ብሎ ሲከፍል፣ መለያው የሚያዘው ዕቃ ቅርጽ ሳይሆን የታሰበው ሥራ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የማክሲስ ጨዋታ «ስፖር» ተጫዋቹ ለፍጡሩ የሚገጥመውን አፍ፣ እጅና እግር ከሚሰጠው ችሎታ ጋር አያይዞ አቅርቧል። ከእነዚህ ጋር ክርክር የለም።

ክርክሩ ከሪቻርድ ኦወን ጋር ነው። ይህ እንግሊዛዊ የአናቶሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1843 ሁለት ዓይነት መመሳሰልን ለየ። አንደኛው ቅርጹም ሥራውም ቢለያይ በተለያዩ እንስሳት ውስጥ «ያው አካል» የሆነው ነው፤ ሁለተኛው አካሉ ሌላ ሆኖ ሥራው አንድ የሆነው ነው። ልዩነቱ ትክክል ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ጥፋቱ የመጣው በማዕረጉ ላይ ነው። ኦወን የመጀመሪያውን የእውነተኛ ዕውቀት መሠረት አደረገው፤ ሁለተኛው እንደ ላይ ላዩን መመሳሰል ተቆጥሮ ቀረ። የጌም ትምህርት የሚሰጡ ብዙ መጻሕፍትም ይህንኑ ማዕረግ ሳይመረምሩ ወርሰው ተማሪውን ከትከሻ፣ ከክርንና ከአንጓ ያስጀምሩታል።

ነገር ግን ኦወን ራሱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1849 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ እጅና እግር ምንነት ባቀረበው ንግግር ያስቀመጠው ማስረጃ በትኩረት ሲታይ ወደ ተቃራኒው ይመራል። ሰው ውኃ ለመሻገር ጀልባ ይሠራል፣ አየር ላይ ለመውጣት ፊኛ ይነፋል፤ ሁለቱ በአሠራር አይመሳሰሉም፣ እያንዳንዱ ለዓላማው ብቻ የተበጀ ነውና። የፍልፈል መቆፈሪያ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የፈረስ እግር ግን ሥራቸው እንዲያ እየተራራቀ በአንድ የአጥንት ንድፍ ተሠርተዋል። ኦወን ከዚህ ተነሥቶ ተፈጥሮ እንደ ሰው ሠሪ እንደማትሠራ ደመደመ። እንግዲህ የጌም ነዳፊ ማነው? ሰው ነው፤ ለዓላማ የሚሠራ ሠሪ ነው። በኦወን በራሱ አከፋፈል የነዳፊው ፍጡር ከጀልባውና ከፊኛው ወገን ይመደባል። ይህን ነጥብ የኦወን ተከታዮች አንሥተው አለመወያየታቸው ያሳዝናል።

ፈተናውን በሽኮኮ እናድርገው። የዛሬው ሳይንስ ሽኮኮን ከዝሆንና ከባሕር ላም ጋር ያዛምዳል። ዝምድናው እውነት ነው። በዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ዙሪያ ካሉት ገደሎች በአንዱ ላይ የሚወጣ ፍጡር ለሚነድፍ ሰው ግን የዝሆን እግር ምን ይነግረዋል? የሚፈልገውን የሚያገኘው ከሰስ ነው። ሰስ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ ቋጥኝ ትወጣለች፤ ሽኮኮ ደግሞ ላብ በሚያመነጭ ለስላሳ ውስጥ እግሩ ቋጥኙን ይይዛል። በዝምድና እጅግ የተራራቁት ሁለቱ በጨዋታው ሰንጠረዥ ላይ ጎረቤት ናቸው።

ይህን አስተሳሰብ ቀድሞ በተግባር ያዋለው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የገባው ይህ ተጓዥ፣ በ1790 ካሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛውን ቅጽ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሰጥቶታል። ብሩስን የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዓባይ ምንጭ፣ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥትና ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ያነቡታል። ሽኮኮውን ግን እንደ ጌጥ ያልፉታል።

ብሩስ የተነሣበት ጥያቄ የመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን 11 የተጠቀሰውና በመዝሙረ ዳዊት ዓለት መሸሸጊያው የተባለው እንስሳ ጥንቸል መሰል ቆፋሪ ነው ወይስ ሌላ? መልሱን የፈለገው በእግሩ ላይ ነው። የሽኮኮ እግር ክብና ለስላሳ ነው፤ የጣቶቹ ሥጋ ከጥፍሩ አልፎ ይወጣል፤ ጥፍሩም የሰው ጥፍር ይመስላል። ብሩስ ይህን ካየ በኋላ ጥፍሩ ለስላሳውን ጣት ለመከላከል እንጂ ለመቆፈር እንዳልሆነ ወሰነ። መቆፈር የማይችል እንስሳ ቤቱ ዓለት ነው፤ እንግዲያው የመጽሐፉ እንስሳ ሽኮኮ ነው። ብሩስ አንድን ፍጡር የለየው እግሩ በሚሠራውና በማይሠራው ነው። የጌም ሰንጠረዥም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ «ይይዛል»፣ «አይቆፍርም»።

ብሩስ ሽኮኮ ያመሰኳል በማለቱ ተሳስቷል። ይህ ስለ ሆድ የተሠራ ስሕተት ነው፤ ስለ እግር የጻፈውን አይነካም።

ወደ ዋግ ኽምራ ስንዘልቅ ማስረጃው ይበዛል። አገሩ ከተከዜ በረሓማ ሸለቆ እስከ ብርዳማው ደጋ ድረስ የተዘረጋ ስለሆነ፣ አንድ ሥራ በስንት ዓይነት አካል እንደሚሠራ በአንድ ዞን ውስጥ ይታያል። በተቃራኒው አንድ ዓይነት አካል ስንት ሥራ እንደሚሠራ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ንብ ናት። የሠራተኛዋ ንብ ስድስት እግሮች በአፈጣጠር አንድ ናቸው። የፊተኞቹ አንቴናዋን የምትጠርግበት ግማሽ ክብ ጎድጓዳ አላቸው፤ መካከለኞቹ ከሰውነቷ የተጠረገውን የአበባ ብናኝ ወደ ኋላ ያቀብላሉ፤ የኋለኞቹ በጠጉር የታጠረ ቅርጫት አላቸው፣ ብናኙን ተሸክመው ወደ ቀፎ ያደርሳሉ። ጠራጊ፣ አቀባይ፣ ተሸካሚ። «ስድስት እግር» ብሎ የሚመዘግብ ነዳፊ ንቧን አላየም። የአበርገሌ ፍየልም በኋላ እግሯ ቆማ ቅርንጫፍ ስትቀነጥስ የፊት እግሯ መሄጃ መሆኑ ቀርቶ መደገፊያ ይሆናል። የሰሜኑ ደጋ ጭላዳ ደግሞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣር ሲነጭ ውሎ፣ ቁጭ እንዳለ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕላትም ተመሳሳይ አከፋፈል አለ። በትንቢተ ኢሳይያስ 6 ሱራፌል ስድስት ክንፍ አላቸው፤ ለመብረር የሚያገለግሉት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ፊትን፣ ሁለቱ እግርን ይሸፍናሉ። ክንፍ ሁሉ መብረሪያ አለመሆኑን የኢትዮጵያ ሠዓሊ ለዘመናት ሲሥለው ኖሯል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ እንቅስቃሴ የሚሠራው አኒሜተር አጥንትና መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ያስፈልገዋል፤ ያ ግን የአኒሜተሩ መዝገብ እንጂ የጨዋታው ሕግ አይደለም። ሁለተኛው፣ አንድ አካል ብዙ ሥራ ስላለው ምደባው ይምታታል ይላል። ለአንድ እግር ሁለት ሥራ ከተገኘ ሁለት መስመር ይጻፍለት፤ ፍየሏ መልሱን ሰጥታለች። በእርግጥ እዚህ የቀረቡት ምሳሌዎች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉንም የጨዋታ ዓይነት ይወክላሉ አይባልም። ከኦወን ወገን የተሻለ ምሳሌ እስኪቀርብ ግን ፍርዱ ለብሩስ ነው።

ስለዚህ የጌም ንድፍ የሚያስተምሩ መምህራን የብሩስን የሽኮኮ ገጾች በአማርኛ ተርጉመው ለተማሪዎቻቸው ያቅርቡ። ተማሪዎቹም የፍጡራቸውን ሰንጠረዥ ሲከፍቱ በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ግሥ ይጻፉ፤ የአጥንቱን መጽሐፍ ከመግለጣቸውም በፊት የሰቆጣን ንብ አርቢና የአበርገሌን ፍየል ጠባቂ ይጠይቁ።