ደሴና ኮምቦልቻ፤ አዳራሹና መንገዱ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከንጉሥ ድንኳን ነው። የደሴም ታሪክ ከዚህ ልማድ አይወጣም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1875 ዓ.ም. በጦሳ ተራራ ግርጌ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ በሰማይ አይተው ስለ ተደነቁ፣ ቀድሞ ላኮመልዛ ይባል የነበረውን ሥፍራ «ደሴ»፣ ማለትም «ደስታዬ» አሉት ይባላል። ይሁን እንጂ ድንኳን ይነቀላል፤ ሠራዊትም ይጓዛል። ሰፈሩን ከተማ ያደረጉት ሠራዊቱ ሲነሣ በቦታው የቀሩት ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ጠላ ጠማቂዋ ናቸው።

ለከተማይቱ የመጀመሪያ መልኳን የሰጧት ራስ ሚካኤል ናቸው። በቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት እኒህ የወሎ ባላባት ክርስትና የተነሡት ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነበር። ያ ጉባኤ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያመጣው የሃይማኖት ግዴታ ብዙ ደም እንዳፋሰሰ የታወቀ ነው። በዚህ ዘመን ያለፉት ሰው በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ግን «አይጠየፍ» ተባለ፤ ማንንም የማይንቅ፣ ማንንም ከማዕድ የማይመልስ ማለት ነው። ራስ ሚካኤል በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ ዐድዋ ዘመቱ፤ በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ንጉሡ ወደቁ፤ አዳራሹ ግን ስሙን እንደ ያዘ ቆመ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመንገድ ምዕራፍ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በነበሩበት በደሴ ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ወራሪው ለወረራው እንዲመቸው ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ዘረጋ፤ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርድ ቅርንጫፍ አወጣ። በዚያው መንገድ ላይ፣ በኮምቦልቻ መተላለፊያ ብርቱ ውጊያ ከተደረገ በኋላ፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ገቡ። ጠላት ሲባረር መንገዱ ለሕዝቡ ቀረ።

ኮምቦልቻ ያደገችው በዚህ መገናኛ ላይ ነው። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወርድ መንገደኛ፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የቦርከናን ሜዳ ያገኛል፤ ካቦርቱንም ያወልቃል። በላይ አስተዳደሩና ትምህርት ቤቱ፣ በተለይም በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት፣ በታች የጭነት መኪናውና ፋብሪካው ሥራ ተካፈሉ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1970ዎቹ ተቋቋመ። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ቢዘጋም ኮምቦልቻ አልሞተችም፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት።

መንገድ ግን የሚያመጣው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኃብ ተገፍቶ እርዳታ ፍለጋ የወጣው በዚሁ ጎዳና ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነት እጅ ወደቁ፤ ከሰሜን ሸሽቶ የተጠጋባቸው ተፈናቃይ እንደገና ተሰደደ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ የደሴ ሙዚየም ቅርሶችም ተወሰዱ።

የሙዚየሙ መዘረፍ ለእኛ ለጥበብ ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። አምባሰልና ባቲ ለዜማችን ቅኝት ስማቸውን የሰጡ የዚህ ምድር ቦታዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሐረጎ ሹፌር፣ የኮምቦልቻ ፈታይ፣ ተፈናቃይን በቤቷ ያሳደረች የደሴ እናት በመድረካችን ላይ ገና በቅጡ አልታዩም። ከመዝገብ ያልገባውን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየሰፈሩ አሉ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደነሱ ቢልኩ፣ ጸሐፊዎችም ጆሯቸውን ቢሰጡ፣ ከሙዚየም የተወሰደውን ባይመልሱም ገና ያልጠፋውን ያተርፋሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ባለ ማዕረጉም ሸማኔውም ሥፍራ ሲያገኙ፣ የአይጠየፍ ስም በጽሑፋችንም ውስጥ ትርጉሙን ያገኛል።