ስለ ከንቲባ ሥልጣንና ስለ ሹም ንጽሕና

ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን በጌልገላ ሰብስቦ፥ የማንን በሬ እንደ ወሰደ፥ ከማንስ እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ በፊቱ እንዲመሰክሩ ጠየቃቸው፤ ሕዝቡም ንጽሕናውን መሰከሩለት። ሹም ስለ እጁ ሥራ በአደባባይ መጠየቁ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ግን የከንቲባው ሥልጣን አስቀድሞ ሰፍቶ፥ ልኩን የሚያስጠብቀው ሕግ ዘግይቶ ተከተለ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ፥ የቆሼም ሙታን በዚህ ነገር ምን እንደሚያሳስቡን በአጭሩ እንናገራለን።

ከንቲባ የሚለው ማዕርግ አስቀድሞ የጎንደር ነበረ። አዲስ አበባም በ1902 ዓ.ም. ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹን አገኘች። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ የሁለቱን ከተሞች ከንቲቦች ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሾሙ ደነገገ። በዚያ ዘመን የከተማው መሬት አብዛኛው በባለርስቶች እጅ ነበረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ቦታ በሊዝ እንዲሰጥ ታወጀ። ከዚህ የተነሣ የከተማው አስተዳደር ደንብ አስከባሪም ቦታ ሰጪም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ቻርተር ምክር ቤቱ ከንቲባውን ከአባላቱ መካከል እንዲመርጥ አዘዘ፤ በ2010 ዓ.ም. ሲሻሻል ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ እንዲሆን ተፈቀደ።

ቦታ የሚያድል ሹም የራሱን ወይም የዘመዱን ጉዳይ ራሱ የሚያይ ከሆነ፥ የጥቅም ግጭት የሚባለው ይህ ነው። ተመራጮችና ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ፥ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድሱ ያዘዘው ዐዋጅ ቍጥር 668 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የከተማ ቦታ ወደ መንግሥት እጅ ከገባ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዳሩ ግን ይህ መዝገብ ሹሙ ያገኘውን ሀብት እንጂ ሳይሠራ የተወውን ሥራ አይጽፍም። ለዚህም ምስክር የሚሆነን በኮልፌ ቀራንዮ ያለው ቆሼ ነው። የከተማው ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዚያ ተከመረ፤ ድኾችም በጥጉ ጎጆ ቀልሰው፥ ከክምሩ እየለቀሙ ይኖሩ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ ሌላ መጣያ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከከተማው ወሰን ውጭ ነበረና የአገሩ ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ በጥቂት ወራት ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት አለቁ፤ በአገሩም ሁሉ የ3 ቀን ኀዘን ታወጀ።

ሥልጣን መስፋቱ ብቻውን እነዚህን ሰዎች አላዳነም። ከገበሬው ጋር አስቀድሞ መመካከርና የድኻውን ቤት ከአደጋ ማራቅ በዐዋጅ ብዛት የሚገኝ ሳይሆን በትጋት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሹም በሚጠየቅበት ቀን የማንን ወሰድህ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፥ ማንንስ ሳትጠብቅ ቀረህ ተብሎም ሊጠየቅ ይገባዋል።