መረቡ እዚህም ነበር

ማለዳ እንጦጦ ጋራ የወጣ ሰው ሯጭ ሳያይ አይመለስም። ከጋራው ሥር፣ ኮተቤ ግን ማንም ብዙ የማይጽፍለት ሌላ ስፖርት አለ። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ብረት ተተክሎ በመሃሉ የተወጠረ (አንዳንዴም የረገበ) መረብ ታያላችሁ። እኔም ከነዚህ መረቦች በአንዱ ሥር ነው ያደግኩት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተጫወትኩ፤ ከዚያ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ተውኩት። ለምን ተውሽ ያለኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የኬንያ ሴቶች ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ መረብ ኳስ ሲጫወቱ በቴሌቪዥን ያየሁ ቀን ግን ጠየቅኩ። ጎረቤቶቻችን እዚያ እንዴት ደረሱ?

እስቲ ከመጀመሪያው እንያዘው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መረብ ኳስን በ1895 የፈጠረው አሜሪካዊው ዊሊያም ሞርጋን ነው። ሆልዮክ በምትባል ከተማ ወወክማ ውስጥ ስፖርት ያሠራ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ ለከበዳቸው ጎልማሶች ቀለል ያለ ጨዋታ ፈልጎ ነው የጀመረው። ጨዋታው በ1964 ቶኪዮ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ የወንዶች ሻምፒዮና ቱኒዝ ላይ ተካሄደ፤ ዋንጫውንም ባለቤቷ ቱኒዚያ ወሰደች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጭ። የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር ከግብፅና ከሱዳን ጋር እኛ ነበርን። በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ዋንጫውን ወሰድን፤ ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ የአህጉሩን እግር ኳስ ለ15 ዓመት መሩት። የመረብ ኳሱን ዋንጫ ያሳደጉት ግን ሰሜን አፍሪካውያን ናቸው። እነሱ አዘጋጁ፣ እነሱ ተጫወቱ፣ እነሱ ወሰዱ። ዋንጫው ከሰሜኖቹ እጅ የወጣው በ1989 ካሜሩን ስታሸንፍ ነው። እስከ 2023 ድረስ ወንዶቹን ያሸነፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፦ ቱኒዚያ 11 ጊዜ፣ ግብፅ 9 ጊዜ፣ አልጄሪያና ካሜሩን ሁለት ሁለት ጊዜ።

የሴቶቹ ታሪክ ይለያል። የመጀመሪያው ውድድር በ1976 ፖርት ሰይድ ላይ ተደረገ፤ ግብፅ አሸነፈች። ሁለተኛው እስኪመጣ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ሴቶች ይጠብቁ የተባለ ይመስል! ከ1985 ወዲህ ግን በየሁለት ዓመቱ መካሄድ ያዘ፤ በ1991 ኬንያዎች ካይሮ ድረስ ሄደው ዋንጫውን ይዘው ተመለሱ። በ1993፣ በ1995 እና በ1997ም ደገሙት። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ገቡ፣ በ2004 አቴንስ። በ2007፣ በ2011፣ በ2013 እና በ2015 ውድድሩን ናይሮቢ አምጥተው አራቱንም ጊዜ አሸነፉ። በ2023 ያውንዴ ላይ ግብፅን 3 ለ 0 ረትተው አሥረኛ ዋንጫቸውን ወሰዱ።

ምስጢራቸው ምንድን ነው? ከቁመት በፊት ክለቦቻቸውን እዩ። ኬንያ ፓይፕላይን የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት ቡድን ነው። ፕሪዝንስ የማረሚያ ቤቶች፣ ኬንያ ኮሜርሻል ባንክ ስሙ እንደሚለው የባንክ። ሴቷ ተጫዋች ደመወዝ ያላት ሠራተኛ ናት፤ ስትጫወት ቤተሰቧ «ትርፉ ምንድን ነው?» አይላትም። እነዚህ ክለቦች በአፍሪካ የክለቦች ሻምፒዮናም ደጋግመው ተሰልፈዋል፣ አሸንፈዋልም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ሙገር ሲሚንቶ የፋብሪካ ቡድን ነው። ብሔራዊ አልኮልም እንዲሁ፤ ሴቶቹን ጭምር አሰልፏል። መከላከያም አለ። ማለትም መንገዱን እናውቀዋለን፤ ከኬንያዎቹ ጋር አንድ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ልዩነቱ መመላለሱ ላይ ነው። ኬንያዎቹ ተሸንፈውም በሁለት ዓመቱ ተመልሰው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሄዶ ተሸንፎ ቤቱ የሚቀመጥ ቡድን የሚማረው ነገር የለም።

በመስከረም 2021 ሁለቱም ሻምፒዮናዎች ኪጋሊ ተደረጉ። በወንዶቹ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ምድቧ ከቱኒዚያ፣ ከናይጄሪያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ነበር። ቱኒዚያ እንደለመደችው ዋንጫውን በላች። የሴቶቹ ውድድር መሃል ላይ ቆሞ ነበር፤ አዘጋጇ ሩዋንዳ አራት ብራዚል የተወለዱ ተጫዋቾችን በማሰለፏ ክስ ቀርቦባት ተባረረች። በመጨረሻም ካሜሩን ኬንያን አሸንፋ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደች። ሰው ከብራዚል ሴት ልጅ አስመጥቶ እስኪያሰልፍ የሚፈለግ ዋንጫ ነው እንግዲህ። ከአዲስ አበባ ኪጋሊ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም። በሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ ግን የኛ ስም አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው በድሮ ግቢዬ በኩል አለፍኩ። ብረቶቹ ቆመዋል፤ መረቡ የለም፤ ልጆቹ ገመድ አስረውበታል። በኛ ጊዜ መምህራችን የሚያጫውተን በድሮው ሕግ ነበር፤ ሰርቭ ያልያዘ ቡድን ነጥብ አያገኝም፣ ጨዋታውም በ15 ያልቃል። ይህ ሕግ በዓለም ላይ የተቀየረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ዳር ቆማ የምትቆጥረውን ልጅ ስንት ለስንት እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ሃያ ሦስት ለሃያ አንድ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከኳሱ ሳትነቅል።