አራተኛ እግሩ የተቆረጠ ቺፕ
የኒንቴንዶ መጫወቻ ማሽን (ኤንኢኤስ) ዋና ሰሌዳ፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጠ

በጃፓን በ1983 የወጣው የዚህ ማሽን ቀዳሚ፣ ፋሚኮም፣ ይህ ዘበኛ ቺፕ አልነበረውም። ለአሜሪካ በተሠራው ማሽን ውስጥ ግን አንድ ቺፕ፣ በየጨዋታው ካርትሪጅም አቻው ተቀመጠ። ሁለቱ የሚለዋወጡት ምልክት ካልገጠመ ማሽኑ በየሰከንዱ ገደማ ራሱን እንደ አዲስ እያስነሳ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያለ ኩባንያው ፈቃድ የተሠራ ጨዋታ በዚህ ይታገዳል።

ይሁንና ዘበኛው ባለቤቱንም አያውቅም ነበር፤ የካርትሪጁ ማስገቢያ ሲላላ ወይም ሲቆሽሽ፣ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ጨዋታ ይከለከላል። ብዙዎች ካርትሪጁን እፍ እያሉ ይመልሱት ነበር (ትንፋሹ ብረቱን ቢያዝግም)። የባሰባቸው ማሽኑን ፈትተው፣ እዚህ እንደሚታየው፣ የቺፑን 4ኛ እግር ቆረጡ፤ ፍተሻውም ቀረ።

ኒንቴንዶ ራሱ በ1993 ባወጣው አዲስ ሞዴል ቺፑን አላስገባም።