ከጓሮ ኩሬ አጠገብ ዕቃ ቤት ለሚሠሩ ጀማሪዎች

ባሕር ዳር፦ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ማቆየት የቻለ ቤተሰብ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጎመንና ቃሪያ ከጓሮው ያገኛል፤ ቡናውን፣ ጌሾውንና የፍራፍሬ ችግኙን ከድርቅ ያድናል። በገጠር ቀበሌዎችም ሆነ ሰፊ ግቢ ባላቸው የከተማ ነዋሪዎች ዘንድ የቤተሰብ ኩሬ የሚቆፈረው ለዚህ ነው። ኩሬው ሥራ በጀመረ ማግስት ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የውኃ መሳቢያ ሞተሩ፣ ቱቦው፣ ዶማውና አካፋው፣ የመርጫ መሣሪያውና የዘሩ ጣሳ የት ይደሩ? ጧት ማታ ከቤት ማመላለስ አድካሚ ነው፤ ሜዳ ላይ መተውም ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለሌባ አሳልፎ መስጠት ነው። በመሆኑም ብዙዎች ከኩሬው አጠገብ አነስተኛ ዕቃ ቤት ለመሥራት ያስባሉ።

አነስተኛ ዕቃ ቤት መሥራት ጀማሪም ሊወጣው የሚችል ሥራ ነው። ከኩሬ አጠገብ ሲሆን ግን የራሱ ጠባይ አለው። ውኃው የቤቱን መሬት ያላላል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ቤቱም በተራው በክብደቱ የኩሬውን ጎን ሊንድ፣ በያዘው መርዝና ነዳጅም ውኃውን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ ከግድግዳው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የውኃው መንገድ ነው።

ቦታ መምረጥ

ቦታ ለመምረጥ ጥሩው ወር ነሐሴ ነው። ዝናቡ በበረታበት ሰዓት አራት ነገሮችን ተመልክቶ በችካል ምልክት ማድረግ ይገባል፤ ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ በየት በኩል ወደ ኩሬው እንደሚገባ፣ ኩሬው ሲሞላ ትርፉ በየት እንደሚወጣ፣ በግቢው ውስጥ ውኃ የሚተኛው የት እንደሆነ። ዕቃ ቤቱ ከአራቱም መራቅ አለበት።

ከኩሬው በላይ፣ የጎርፉ መግቢያና የደለል ማጥመጃው ጉድጓድ ባሉበት በኩል ቢሠራ የውኃውን መንገድ ይዘጋል፤ በቁፋሮና በእግር የላላው አፈርም ታጥቦ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከኩሬው በታች ቢሠራ ደግሞ ትርፉ ውኃና ከሥር የሚሰርገው ርጥበት መሠረቱን ያገኙታል። የሚመረጠው ከኩሬው ጎን ያለ፣ ጥቂት ከፍ ያለና ያልተነካ ነባር መሬት ነው። ከኩሬው ተቆፍሮ ዙሪያውን የተከመረው አፈር ከፍ ያለና የተስተካከለ በመምሰሉ ጀማሪዎችን ያታልላል። የተከመረ አፈር ግን ዝናብ በጠጣ ቁጥር እየሰመጠ ይሄዳል፤ በላዩ የቆመ ቤትም ያዘነብላል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ርቀቱን ለመወሰን ቀላሉ መለኪያ የኩሬው ጥልቀት ነው። ኩሬው 3 ሜትር የሚጠልቅ ከሆነ መሠረቱ ከኩሬው አፍ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። የቤቱ ክብደት አፈሩን ወደ ታችና ወደ ጎን ይገፋል። ኩሬው ሙሉ በሆነ ጊዜ ውኃው ጎኑን ደግፎ ይይዘዋል፤ በበጋ ውኃው ሲሳብ ግን ድጋፉ አብሮ ይሄዳል። ጎኑ የመናድ አደጋ የሚያይልበትም ወቅት ይኸው ነው። እንደ ፎገራና ደንቢያ ሜዳዎች ባሉ፣ በክረምት እያበጠ በበጋ በሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ርቀቱን ከዚህም መጨመር ያስፈልጋል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የከተማ ነዋሪዎች የከተማቸውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በገጠርም ቦታው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከጎረቤት ጋር በሚዋሰንበት በኩልም የክዳኑ ጠፈጠፍ በራስ ይዞታ ውስጥ እንዲወድቅ ማድረግ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ልክ ማውጣትና መሠረት

ለጀማሪ የሚመቸው ልክ 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው። ማዕዘኑን ለማስተካከል ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር በሲባጎ ይለካል፤ የሁለቱ ጫፎች ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። አራቱም ችካሎች ከተተከሉ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ ሁለቱም ሰያፎች 5 ሜትር መሆን አለባቸው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ጎን ወደ ኩሬው እንዲዞር ይደረጋል።

የመሠረቱ ቦይ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ በመረሬ አፈር ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ ይጠልቃል። ድንጋዩ በ1 እጅ ሲሚንቶና በ4 እጅ አሸዋ እየተካበ ከመሬት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለ14 ሜትር ዙሪያ የሚያስፈልገው ድንጋይ 4 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ነው። ካቡ በየረድፉ በውኃ ልክ መታየት አለበት፤ ከታች የተዛነፈ መሠረት ከላይ በቆርቆሮ አይቃናምና።

ከመሬት በላይ የሚታየው 30 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ሁለት ጥቅም አለው። እንጨቱን ከርጥበት ያርቃል፤ ምስጥንም ያጋልጣል። ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በድንጋዩ ፊት ላይ የጭቃ መተላለፊያ መሥራት ስላለበት በየሳምንቱ እየተዞረ የታየውን መፋቅ ይቻላል። ከመሠረቱ ውስጥና ከዙሪያው ጉቶ፣ ሥርና የእንጨት ቁርጥራጭ ተለቅሞ መውጣት አለበት። ቋሚን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ መሬት ውስጥ መቅበር በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ከኩሬ አጠገብ አይመከርም፤ ዘይቱ ከአፈሩ ጋር እየታጠበ ወደ ውኃው ይደርሳል።

የወለሉ አፈር ከተጠቀጠቀ በኋላ ጠጠር ይነጠፍበታል፤ ከኩሬው ሽፋን የተረፈ ፕላስቲክ ካለም በጠጠሩ ላይ ተዘርግቶ ከሥር የሚመጣውን ርጥበት ይከላከላል። በፕላስቲኩ ላይ ስስ የሲሚንቶ ወለል ወይም በደንብ የተደለደለ አፈር ይሆናል።

ግድግዳና ክዳን

ካቡ ሲያልቅ በየማዕዘኑና በየሜትሩ ፌሮ ብረት በሲሚንቶ ይተከላል። በድንጋዩ ላይ የሚጋደመው እንጨት በእነዚህ ብረቶች ይታሰራል፤ ቋሚዎቹም በእርሱ ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ቋሚ በቱንቢ መታየት፣ በየማዕዘኑም ሰያፍ እንጨት መመታት አለበት። ሰያፍ የሌለው ቤት በመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ይንጋደዳል።

ግድግዳው በጭቃ የሚመረግ ከሆነ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ከቆየ በኋላ የመጀመሪያው ምርግ ይመታል፤ እርሱ ደርቆ ስንጥቁ ከታየ በኋላ ሁለተኛው ይደገማል። ከግድግዳው አናት ላይ በሁለት ተቃራኒ በኩል የአይጥ መግቢያ በማይሆን ወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ ጠባብ መስኮቶች ያስፈልጋሉ። ከውኃ አጠገብ ያለ ዝግ ቤት አየር ካላገኘ ብረቱ ይዝጋል፣ ዘሩም ይሻግታል።

ለጀማሪ ቀላሉ ክዳን ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያዘነብለው ነው። ወደ ኩሬው የዞረው ግድግዳ ከመሠረቱ በላይ 2 ሜትር፣ የተቃራኒው 2 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሩ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ይከፈታል፤ ስለዚህ ጀርባውን ለኩሬው ይሰጣል። ክዳኑ በአራቱም ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ እንደሚወፍር ማወቅ ይጠቅማል፤ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 35 ይበረታል። ቆርቆሮው መነጠፍ የሚጀምረው ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ሲሆን ሚስማሩ በጉብታው ላይ እንጂ ውኃ በሚፈስበት ስርጉድ ላይ አይመታም። ተዳፋቱ አነስተኛ በመሆኑ መደራረቢያው ከ20 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

ክዳኑ ለኩሬው የሚከፍለው ዋጋም አለ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። የዚህ ዕቃ ቤት ክዳን 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዓመት 1 ሺህ ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ 20 ሺህ ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው፤ አንድ አምስተኛው በትነትና በፍንጣቂ ቢባክን እንኳ 16 ሺህ ሊትር፣ ወይም ባለ 200 ሊትር 80 በርሜል ይተርፋል። ይህ ውኃ እንደ መሬት ጎርፍ ደለል አይዝም። ለዚህም በዝቅተኛው ጠርዝ ላይ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር የሚያዘነብል አሸንዳ ተሰቅሎ ውኃው በቱቦ ወደ ኩሬው ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ቱቦውን ወደ ውጭ አዙሮ ማፍሰስ ይገባል። ውኃው ለመስኖ እንጂ ያለ ማከም ለመጠጥ አይሆንም።

ምን ይቀመጥ፣ ምን አይቀመጥ

በዚህ ቤት ውስጥ እህል ባይቀመጥ ይመረጣል። እህል አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ የኩሬውን ፕላስቲክ ሽፋን ይበሳል፣ በጎኑም ጉድጓድ ይቆፍራል። ትንሽ ቀዳዳ የአንድ ክረምት ውኃ ታሰርጋለች። እህሉ በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ባለው ጎተራ ይቆይ፤ በዕቃ ቤቱ የአትክልት ዘርና የዓሣ መኖ ብቻ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም በርሜል፣ ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ቱቦ በሚስማር ላይ ሲንጠለጠል ስለሚታጠፍና ስለሚሰነጠቅ በአሮጌ ጎማ ቸርኬ ላይ ቢጠመጠም ዕድሜው ይረዝማል።

የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በራሱ ዕቃና በራሱ ጽሑፍ እንዳለ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ፣ ከዘርና ከመኖ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥ የልጅ ሕይወት ያጠፋል። የመርጫ መሣሪያውም በኩሬው ውስጥ ወይም በአፉ ላይ አይታጠብም፤ ያለቅላቂው ውኃ በተረጨው ማሳ ላይ ይረጫል። በተለይ ፓይሬትሮይድ የተባሉት ፀረ ተባዮች በጥቂት መጠን እንኳ ለዓሣ ገዳይ ስለሆኑ ቀረሶ የሚያረቡ ሰዎች ጥንቃቄውን እጥፍ ማድረግ ይገባቸዋል። ቤንዚን በጥቂቱ፣ በደንብ በሚዘጋ ጀሪካን፣ አሸዋ ባለበት ሳፋ ላይ ይቀመጥ። ሞተሩ በቤቱ ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም፤ የሚወጣው ጭስ እንደ ከሰል ጭስ ሁሉ ሳይታወቅ ይገድላል።

ባዶ ጣሳ፣ አሮጌ ጎማና ክፍት በርሜል በዕቃ ቤቱ ጀርባ ማከማቸት የወባ ትንኝን መጋበዝ ነው። በአውሮፓውያኑ 2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችውና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞችም የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ እንደ በርሜል ባሉ ሰው ሠራሽ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች።

ከዕቃ በፊት ለሕይወት

በጂኦሜምብሬን የተሸፈነ ኩሬ ጎኑ ሲርስ እጅግ ያንሸራትታል፤ የገባበት ልጅ ይቅርና ዋናተኛ ጎልማሳም ያለ መያዣ ሊወጣ ይቸገራል። ስለዚህ ኩሬው ዙሪያውን መታጠር፣ የአጥሩም በር ሁልጊዜ መዘጋት አለበት። በየጎኑ ኖት ያለበት ገመድ ከጠንካራ ችካል ታስሮ እስከ ኩሬው ወለል ይውረድ። በዕቃ ቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ደግሞ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከረጅም ገመድ ጋር ታስሮ ይሰቀል። ሰው ቢወድቅ የሚወረወርለት እርሱ ነው፤ ከቁልፍ ውጭ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

የግንባታው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን መሬቱ ይደርቃል፣ ምርጉም ጊዜ ያገኛል። ግንቦት ሲገባ አሸንዳው ይጸዳል፣ በቤቱ ዙሪያ ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ይጠረጋል፣ የገመዶቹ ቋጠሮ ይፈተሻል። ገንዘብ ያጠረው ሰው የግድግዳውን ማሳመሪያ ለሚቀጥለው ዓመት ሊያሳድረው ይችላል። ርቀቱ፣ መሠረቱ፣ ቦዩና አጥሩ ግን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያድሩ አይደሉም፤ ክረምቱ ቀጠሮ አይሰጥም።