መሣሪያ ሲለወጥ ስም ይቀራል፤ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የሚሻገር ጀማሪና የስያሜ ሥራችን

1. መግቢያ

ስለ ኮምፒዩተር ቃላት በሚደረገው ውይይት ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «የዚህ የውጭ ቃል የአማርኛ አቻ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ለመመልከት ይሞክራል። አንድ ሰው ሲሠራበት የኖረውን መሣሪያ ትቶ ወደ ሌላ በሚሻገርበት ጊዜ፣ ከሚያውቃቸው ቃላት የትኞቹን ይዞ ይሻገራል? የትኞቹስ ያሳስቱታል? የዚህ መልስ ስያሜ አውጪው የት መድከም፣ የት ደግሞ እጁን መሰብሰብ እንደሚገባው የሚያመለክት ይመስለናል።

ጥያቄውን ዛሬ ለማንሣት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቃቸውን መመዘኛዎች፣ በተለይም ልዩ የደኅንነት ክፍል መኖርን፣ የማያሟሉ ኮምፒዩተሮች ብዙ ናቸው። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ባለቤት ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ አዲስ መግዛት፣ ያለ ጥገና በአሮጌው መቀጠል፣ ወይም እንደ ሊኑክስ ያለ፣ በአሮጌ መሣሪያም ላይ ሊሠራ የሚችል ሌላ ሥርዐተ ክወና መጫን።

በጌዴኦ ዞን፣ በዲላ አጠገብ በምትገኘው በጪጩ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምትሰጥ አንዲት ጸሓፊን በምሳሌነት እንውሰድ። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ የምትጽፈው ማመልከቻና ውል በአማርኛ ነው፤ በኮምፒዩተሯ ላይ የምታነበው ትእዛዝ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር የምትገዛበት ገንዘብ ከሌላት ሦስተኛውን መንገድ ትይዛለች። ያን ጊዜ በፊቷ የሚቀርበው ገጽ በአማርኛ ቢሆን ይረዳታል ወይስ ያደናግራታል? ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ስለ ሆነ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል።

2. የጋራዥ ቃላት ምስክርነት

መሣሪያ ሲለወጥ ቃል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የጋራዥ ቋንቋችን ጥሩ ምስክር ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ የሚሉት ቃላት ምንጫቸው ጣልያንኛ ነው። በአብዛኛው የተስፋፉትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ከገቡት ከባድ መኪኖች ጋር ነው። ወራሪው ከተባረረ በኋላ የጣልያን መኪና ቀስ በቀስ በሌሎች አገሮች መኪና፣ በመጨረሻም በአብዛኛው በጃፓንና በቻይና ሥሪት ተተካ። ቃሉ ግን አልተተካም። ዛሬ ከይርጋ ጨፌ ቡና ጭኖ በዲላ በኩል የሚያልፍ አሽከርካሪ፣ መኪናው አይሱዙም ሆነ ሲኖትራክ፣ የሚይዘው «ፍሬን»፣ የሚቀይረውም «ማርሽ» ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቃል የፋብሪካው ሳይሆን የሠራተኛው ንብረት መሆኑን ነው። ከጌታው የተማረ ረዳት ቃሉን ከሥራው ጋር ይቀበላል፤ መኪናው ቢለወጥ ሥራው ያው እስከ ሆነ ድረስ ቃሉን አይጥልም። በሌላ በኩል «መሪ» እና «መንጃ ፈቃድ» የተባሉት የአገር ቃላት ከጣልያንኛዎቹ ጎን ለጎን ጸንተው ኖረዋል። ስለዚህ የውጭውና የአገሩ ቃል የግድ ተፃራሪዎች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ቀድሞ የያዘውን ቦታ ይዞ ይኖራል።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የሚሻገር ጀማሪም ከዚህ አሽከርካሪ ጋር የሚመሳሰል ነው። ማውስ፣ ፎልደር፣ ዴስክቶፕ፣ ፍላሽ፣ ፕሪንት የሚሉትን ይዞ ይመጣል፤ በአዲሱ ሥርዐትም ነገሮቹን እንደ ነበሩ ያገኛቸዋል። «ዊንዶው» የሚለው ስም እንኳ በተራው ሰው አነጋገር የአንድ ኩባንያ ምርት መሆኑ እየተረሳ የማናቸውም ሥርዐተ ክወና መጠሪያ ወደ መሆን ያዘነብላል። «ዊንዶው አስጫንኩ» የሚል ሰው ስለ መስኮት አያስብም። በዚህም የተነሣ በገጹ ላይ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍል «መስኮት» ብለን ብንጠራው አማርኛ ተናጋሪውን ግራ አያጋባውም፤ ሁለቱ ስሞች ሥራ ተከፋፍለዋልና።

3. ፊደል ቀድሞ፣ ቃል ተከትሎ

የኮምፒዩተር ታሪካችን ግን በቃል አልተጀመረም፤ በፊደል ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የግእዝ ፊደል መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን 345 ምልክቶችን የያዘ ቋሚ ቦታ ሲሰጠው ይህ ችግር በመሠረቱ መፍትሔ አገኘ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ።

በሊኑክስ በኩል ያለው ታሪክ ጥቂት ይለያል። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ሥራ በማንኛውም ሰው ሊመረመርና ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ፣ አንድ ቋንቋ በውስጡ እንዲገባ የኩባንያ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የግእዝ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የሌሎችም ቋንቋዎች የወር፣ የዕለትና የገንዘብ ስሞች የተመዘገቡባቸውን ሰነዶች አዘጋጅቶ በሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲካተቱ አድርጓል። ከጌዴኦ ጋር የሚዋሰነው የሲዳማ ሕዝብ ቋንቋ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ ጌዴኦኛ ግን አልተካተተም።

ሆኖም ጌዴኦኛ መሻገርን ከኮምፒዩተር አስቀድሞ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው ዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሲሆን፣ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ የዋለው የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የጪጩዋ ጸሓፊ በጌዴኦኛ ስትጽፍ ማናቸውም ኮምፒዩተር ይበቃታል፤ የፊደል ችግር የሚገጥማት በአማርኛ ስትጽፍ ነው። በዩኒኮድ ያልተጻፉ የቀድሞ ሰነዶቿ፣ የፊደሉ ቅርጽ ባልተጫነበት ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ከመሻገሯ አስቀድማ እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይኖርባታል፤ ይህን ሳታደርግ የቀረች እንደ ሆነ የዓመታት ውልና ማመልከቻ የማይነበብ ይሆንባታል።

4. የሚያሳስቱ ስያሜዎች

የፊደሉ ጣጣ ካለቀ በኋላ የቃሉ ይጀመራል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምሳሌዎች ስያሜ በመዝገበ ቃላት ትክክል ሆኖ በተጠቃሚው ዘንድ ግን እንዴት ሊስት እንደሚችል ያሳያሉ።

ሀ) ፋይል፣ ዶሴ፣ ማኅደር፣ አቃፊ። በቢሮ አማርኛ «ፋይል» ወረቀቶች የሚሰበሰቡበት መያዣ ነው፤ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ዶሴ»ም ያው ነው። በኮምፒዩተር ግን ፋይል የሚባለው በመያዣው ውስጥ የሚገባው ነጠላ ሰነድ ነው። መያዣው «ዶሴ» ተብሎ ሰነዱ «ፋይል» ሲባል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለት መያዣዎች እርስ በርሳቸው የተካተቱ ይመስለዋል። «ማኅደር» ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግስ ወጥቶ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ የብራና መጽሐፍ የሚገባበትም የቆዳ ከረጢት መጠሪያ ስለ ሆነ ከሁሉ የሚስማማ ነው። «አቃፊ» ከዐቀፈ የወጣ ነው፤ ትርጉሙ ግልጽ ቢሆንም በመያዣነት የሚታወቅ ዕቃ ስም አይደለም። ነገር ግን የማኅደር ውበት የሚገለጥለት የቤተ ክህነትን ትምህርት ለቀመሰ ወይም አማርኛን በአፍ መፍቻነት ለሚናገር ሰው ነው። ለጪጩዋ ጸሓፊ «ፎልደር» በጌዴኦኛውም በአማርኛውም የምትገለገልበት አንድ ቃል ነው። የውጭው ቃል ለብዙ ቋንቋዎቻችን የጋራ ድልድይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ለ) ጫን እና ተጫን። «ፕሮግራሙን ጫን» ማለት በኮምፒዩተሩ ላይ አስቀምጠው ማለት ነው፤ «ቁልፉን ተጫን» ማለት ደግሞ በጣትህ ግፋው ማለት ነው። «ተጫነ» ብቻውን ሲቆም ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጭን ሰው የሚያነበው መመሪያ በሁለቱ ግሶች የተሞላ ስለ ሆነ መደናገሩ አይቀርም። አንዳንድ ተርጓሚዎች ለመጀመሪያው «መግጠም»ን መርጠዋል፤ ሕዝቡ ግን «መጫን»ን ከያዘ ቆይቷል። ስለዚህ መጫን ለፕሮግራም ቢተውና ለቁልፍ «ንካ» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ሐ) ሥር። በሊኑክስ ከሁሉ በላይ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን ስም ቃል በቃል ብንተረጕመው «የሥር ተጠቃሚ» ይሆናል። በሕግ አማርኛ ግን «የሥር ፍርድ ቤት» የበታቹ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት። ይህን አነጋገር የለመደ አንባቢ የበላዩን የበታች አድርጎ ይረዳዋል። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ በዚህ ተጠቃሚ ስም የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ መላውን ሥርዐት ሊያጠፋ ይችላልና። «ባለ ሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ» ማለት ቢረዝምም አያሳስትም።

መ) ተርሚናል። በከተሞቻችን ተርሚናል ሲባል መንገደኛ የሚሳፈርበት ሕንጻ ነው። በሊኑክስ ግን ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። «ማዘዣ» እንዳንለው የሐኪም ማዘዣ አለ። «የትእዛዝ መስኮት» ቢባል ቀድሞ የታወቁት ሁለት ቃላት አዲሱን ነገር ያስረዱታል።

ሠ) ነፃ እና ክፍት ምንጭ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ በእንግሊዝኛ አንድ ችግር ነበረበት፤ ቃሉ አርነትንም ዋጋ ማጣትንም በአንድነት ያመለክታልና። አማርኛ ይህን በአንድ ፊደል ይለየዋል፤ «ነፃ» ያልታሰረ ሲሆን «በነፃ» ያለ ክፍያ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዝርያ፣ ስሙን ሰብአዊነትን ከሚገልጽ የደቡባዊ አፍሪቃ ቃል የወሰደው፣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለፈለገው ሰው ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ሶፍትዌሩም ነፃ ነበር። ይህን ልዩነት ተርጓሚ ሊጠብቀው ይገባል። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ትርጉም ግን በገጠር ጆሮ ያልታጠረና ከብት የሚገባበት የውሃ ምንጭ ነው። «ኮዱ ክፍት የሆነ» ቢባል ነገሩ ይገለጣል።

5. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ተሻጋሪው በቀድሞው መሣሪያ ላይ የለመደውና በአዲሱም ላይ ያልተለወጠ ነገር ስሙ ባይነካ ይመረጣል፤ የውጭ ቃል ቢሆንም እንኳ። ሁለተኛ፣ ስያሜ የሚያስፈልገው ነገሩ አዲስ በሆነበት ወይም የቀድሞው ስም በሚያሳስትበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ የወጣው ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በችሎት፣ በመዝገብ ቤት፣ በቡና መጋዘንና በውሃ ምንጭ ዳር ምን ተብሎ እንደሚሰማ መመርመር አለበት።

ይህ አስተያየት የስያሜን ሥራ ለማቃለል የታሰበ አይደለም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የብዙ ዓመታት ድካም ፍሬ ነው። «የይለፍ ቃል» እና «የቁልፍ ሰሌዳ» ያሉ ስያሜዎችም ተቀባይነት ያገኙት አንባቢው ከሚያውቃቸው ቃላት ስለ ተሠሩ ነው። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት በመደርደሪያ ላይ ሲኖር ተሳስቶ ማንንም አይጎዳም፤ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የወጣ ቃል ግን ትእዛዝ ነው። ያነበበው ሰው ወዲያውኑ ይፈጽመዋል።

ብዙ ሰው ሳያውቀው ወደ ሊኑክስ ተሻግሯል፤ አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዐት የቆመው በሊኑክስ አስኳል ላይ ነውና። በጪጩ የቡናን ዋጋ በስልኩ የሚጠይቅ ነጋዴ ሊኑክስ የሚለውን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ ግን ይሠራበታል። ይህም መሻገሩ በራሱ የሚያስፈራ አለመሆኑን ያመለክታል። የሚያስቸግረው ተሻጋሪው በደረሰበት ማዶ የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ስም፣ የማያውቀውን ደግሞ በሚያውቀው ስም ተጠርቶ ሲያገኘው ነው። ይህን ማስቀረት የመሐንዲሱ ሳይሆን የእኛ የቃል ሠራተኞች ድርሻ ነው።